የሰመጠው ሳንቲም

ሐሙስ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ አስከሬኑ ሲገኝ በግቢው ውስጥ የነበሩት እነዚህ ናቸው፤ የሟች ልጅ ሹፌሩ፣ ሚስቱ ልብስ ሰፊዋ፣ የስምንት ወር ሴት ልጃቸው፣ የሟች ታናሽ ወንድም አናጢው፣ እና የኋላዋን ክፍል የተከራየው መምህር። ሌላ ሰው አልነበረም። የግቢው ግንብ ከፍ ያለ ነው። የውጭውን በር መክፈቻ የያዙትም እነዚሁ አራት ትልልቅ ሰዎችና ሟች ብቻ ነበሩ።

ሟችን ሰፈሩ «እማማ ባለቁልፍ» ይላቸዋል። ስሙ የወጣላቸው ባለፉት ሁለት ወራት ነው። ወደ ከተማዋ የሚያስገባው መንገድ በተዘጋ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ሌላው ሰው «ነገ ይከፈታል» እያለ ሲጽናና፣ እሳቸው ጌጣቸውን ሸጠው ሥጋ ገዙ። ሥጋውን ከፋፍለው በላስቲክ ጠቀለሉት፤ እያንዳንዱን ጥቅል በቀጭን ጨርቅ አስረው የሚበላበትን ወር በእርሳስ ጻፉበት፤ ከዚያም ጓዳ ባለው ትልቅ ፍሪዘር ውስጥ ደረደሩት። የስድስት ወር ቀለብ ነው። የስድስተኛው ወር ከታች፣ የአምስተኛው ከላዩ፣ እንዲህ እያለ የያዙት ወር ከሁሉ በላይ። ፍሪዘሩን በጓጉንቸር ቆልፈው ቁልፉን በክር አንገታቸው ላይ አሰሩት። ከዚያ ወዲህ ቤቱ ሥጋ የሚያየው እሳቸው ሲከፍቱ ነው።

መብራት በየጊዜው ስለሚጠፋ አንድ ብልኃት ነበራቸው። በብረት ኩባያ ውኃ ሞልተው በረዶ እስኪሆን ይጠብቁና ከበረዶው ላይ አንድ ሳንቲም ያስቀምጣሉ። ኩባያው ከጥቅሎቹ ሁሉ በላይ ይቀመጣል። ሳንቲሙ ከላይ ካለ ቅዝቃዜው አልተቋረጠም። ሳንቲሙ ከሰመጠ በረዶው ቀልጦ ነበር ማለት ነው። የቤቱም ሕግ የታወቀ ነው፤ ሳንቲሙ ከሰመጠ፣ እንዳይበላሽ፣ ያለው ጥቅል ሁሉ በዚያው ቀን ተፈትቶ ይበስላል።

መርማሪዋ ሦስት ሰዓት ላይ ደረሰች። አጭር፣ ቀጭን፣ መነጽር ያደረገች ሴት ናት። መሥሪያ ቤት ውስጥ «ሚዛን» ይሏታል፤ ያገኘችውን ዕቃ ሁሉ አንስታ በእጇ ሳትመዝን አትተውም። አብረዋት አንድ ሐኪምና፣ ችግሩ ከገባ ወዲህ ቀበቶው ላይ ሦስት አዲስ ቀዳዳ የበሳ አሥር አለቃ መጡ።

ጓዳው መስኮት የለውም። እማማ ባለቁልፍ በቀኝ ጎናቸው፣ ከፍሪዘሩ ሥር ተኝተዋል። ደሙ ከጆሯቸው ኋላ ወርዶ አንገታቸው ላይ ደርቋል።

«ወድቀው ነው» አለ አሥር አለቃው። «ጨለማ፣ እርጅና፣ ሲሚንቶ። በቃ።»

«መቼ?» አለች መርማሪዋ ወደ ሐኪሙ ዞራ።

«ትናንት ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ባለው ውስጥ። ጭንቅላታቸው የፍሪዘሩን ጠርዝ መትቷል። ግን ወዲያው አልሞቱም።» ሐኪሙ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንድ ሰዓት ያህል በሕይወት ነበሩ። ሰው ቢደርስላቸው ይተርፉ ነበር።»

«መብራትስ?»

«ማክሰኞ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ጠፍቶ፣ ትናንት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መጣ» አለ አሥር አለቃው። «ሚስቴ እልል ስላለች ሰዓቱን አልረሳውም።»

መርማሪዋ ተንበረከከች። በቁርጥማት የተጣመመውን የሟችን ቀኝ እጅ አንስታ ጥፍራቸውን አየች። ከመሐል ጣታቸው ጥፍር ሥር የሽንብራ ፍንካች የምታህል ቢጫ ፍርፋሪ ነበረች። ለስላሳ ናት። በመርፌ አውጥታ ፖስታ ውስጥ ከተተቻት። ቀጥላ የአንገታቸውን ክር ነካች። ክሩ አልተነቀነቀም፤ ከደረቀው ደም ጋር ቆዳቸው ላይ ተጣብቋል። ቁልፉ ጫፉ ላይ ተንጠልጥሏል።

ጓጉንቸሩ ተቆልፏል። ከፍሪዘሩ በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ አንድ ሻማ ነድዶ አልቆ፣ ሰሙ ቁልቁል ወርዶ ጓጉንቸሩ የሚንጠለጠልበትን ብረት ከነብሎኖቹ ሸፍኖታል። መርማሪዋ ሰሙን አልነካችውም። ክሩን በመቀስ ቆርጣ ቁልፉን ወሰደችና ፍሪዘሩን ከፈተች።

«ሳንቲሙ አልሰመጠም! ተመስገን!» አለ ከበሩ ላይ አንገቱን ያሰገገው አናጢ። «እህቴ ብትሄድም ምግቡ ተርፏል።»

መርማሪዋ ኩባያውን አንስታ በመዳፏ መዘነችው። ሳንቲሙ በበረዶው ላይ ተቀምጦ ያብለጨልጫል። በፍሪዘሩ ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ፣ የኩባያው ጆሮ ሳይቀር፣ በነጭ አመዳይ ተሸፍኗል። ሳንቲሙ ግን ገና ከኪስ የወጣ ይመስላል።

«በሩን ዝጋው» አለችው አሥር አለቃውን።

ከላይ ያለውን ጥቅል ስትፈታው አሥር አለቃው ዓይኑ ፈጠጠ። በላስቲኩ ውስጥ ያለው ሥጋ አልነበረም። ውኃ ጠጥቶ እንደ ድንጋይ የደረቀ ቁርጥራጭ ጨርቅ ነው። አበባ ያለበት፣ ሰማያዊ፣ የሱሪ ገበር።

«አለቀ!» አለ አሥር አለቃው። «ልብስ ሰፊዋ ናት። ሰረቀች፣ አማቷ ደረሱባት፣ ገፋቻቸው። ልያዛት?»

«ጥቅሉ ላይ ምን ይላል?»

«‹ስድስተኛ ወር›።»

«የስድስተኛ ወር ጥቅል ከላይ ምን ይሠራል?» አለችና ክዳኑን ዘጋችው። «ማንንም አትያዝ። መጀመሪያ ልጠይቅ።»

አስከሬኑን ያገኘው መምህሩ ነው። ቁመቱ ረዥም፣ ኮቱ የሰፋው ሰው። ክብሪት ሊለምን ገብቶ ነበር።

«ትናንት ከሰዓት በኋላ የት ነበሩ፣ መምህር?»

«ዳቦ ሰልፍ። ከስድስት ሰዓት ጀምሬ ቆሜ፣ ልክ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ‹ዱቄት አለቀ› ብለው በሩን ዘጉብን። ሁላችንም ተበተንን። ከዚያ እስከ ማታ ትምህርት ቤት ሆኜ ፈተና ሳርም ቆየሁ፤ ዘበኛው ይመሰክራል። ‹ሕልሜ› በሚል ርዕስ ጻፉ ብያቸው ሠላሳ ሁለት ልጆች ስለ ዳቦ ጻፉልኝ። ምን ብዬ ላርም?»

«እማማ ከቀትር በኋላ ሲጠፉ ማንም አልፈለጋቸውም?»

«ሻማ ላለመጨረስ ገና ሳይመሽ ነው የሚተኙት። ክፍላቸው ከጓዳው አጠገብ ነው። የተኙ መስሎናል።»

ልብስ ሰፊዋ የእግር ስፌት መኪናዋ ፊት ተቀምጣ ነበር። ሃያ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ጉንጯ ግን ጎድጉዷል። እግሯ ሥር በምንጣፍ ላይ የተቀመጠችው ሕፃን ደግሞ እጇ ድርብርብ፣ ጉንጯ ሙሉ ነው። መርማሪዋ ልጅቷን አንስታ መዘነቻት።

«እሷ እንኳ ደህና ናት። ጡትሽ ወተት አለው?»

«ከደረቀ ወር አልፎታል፣ እትዬ።»

«ታዲያ ምን ትጠጣለች?»

ልብስ ሰፊዋ ወደ መኪናው መርፌ አቀረቀረች። ከመኪናው ጀርባ፣ በጨርቅ ክምር ሥር፣ የዱቄት ወተት ጣሳ ክዳኑ ብቅ ብሏል። «ሰው ሰጠኝ» አለች።

«ቸር ሰው ነው። እማማ ቁልፉን ከአንገታቸው አውርደው ያውቃሉ?»

«ቅዳሜ ቅዳሜ ፀጉራቸውን ሳጥባቸው ብቻ። ክሩ እንዳይርስ እኔ ነኝ የማወርድላቸው። ፀጉራቸው እስኪደርቅ ፀሐይ ላይ ይቀመጣሉ።»

«ትናንት ምን ሰማሽ?»

«መብራቱ እንደመጣ ልጅቷ ደንግጣ ነቃች። ያኔ የፍሪዘሩ ክዳን ሲዘጋ ሰማሁ። እማማ ናቸው ብዬ…» ልጇን ከመርማሪዋ እጅ ተቀበለች። «እትዬ፣ እኔን ቢወስዱኝ ለዚች ማን ጡጦ ይሰጣታል? ማን ይይዛታል? አባቷ ጠርሙስ መቀቀል አያውቅም።»

«ማን ይወስድሻል አለ?»

«አሥር አለቃው ሲያየኝ ቆየ።»

አናጢው በበሩ አጠገብ ባለች የቆርቆሮ ሥራ ቤቱ ውስጥ፣ በእንጨት ፍቅፋቂ እሳት ላይ ውኃ ጥዷል። ስልሳ ያለፈው ሰው ነው፤ መጋዝ ይዟል።

«የሬሳ ሣጥን ልሥራላት ብዬ» አለ። «ጥሩ እንጨት አጣሁ። ሁሉም ቁርጥራጭ ሆኗል።»

መርማሪዋ ከእሳቱ አጠገብ የተደፋችውን ትንሽ ድስት አንስታ መዘነቻት፤ በጣቷም ጠርዟን ዳሰሰች። ጮማ ነበረባት።

«የጓጉንቸሩን ማንጠልጠያ እርስዎ ነዎት የገጠሙት፣ ጋሼ?»

«እኔ ነኝ። አራት ብሎን። ጓጉንቸሩን የገዛው ግን ልጇ ነው።»

«ስንት ቁልፍ ነበረው?»

«አንድ ነው ብሎ ሰጣት። እሷም ደስ አላት። ሁለት ቢሆን ኖሮ ሁለተኛውን ትውጠው ነበር።» ሳቀና ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ። «ክፉ አልነበረችም፤ እንዳትሳሳቺ። ለእኔ ትንሽ፣ ለልጇ ትንሽ፣ ለራሷ ከሁላችን ያነሰ ነበር የምትቆርሰው። አንድ ቀን እንኳ ‹ጠገብኩ› ስትል አልሰማኋትም።»

ሹፌሩ ቀኑን ሙሉ የሚውለው ታክሲው ውስጥ ነው። ቤንዚን ከከተማው ከጠፋ ሁለት ወር ሆኗል፤ መኪናው ግቢው ጥግ ላይ ቆሟል። እሱ ግን መሪውን ይዞ ይቀመጣል። መርማሪዋ የጎኑን በር ከፍታ ገባች። ወንበሩ አዲስ የጨርቅ ልብስ ለብሷል። ስትቀመጥ ግን ብረቱ ወጋት፤ ተመቻችታ ለመቀመጥ ሁለት ጊዜ ተገላበጠች።

«ሚስትህ ናት የሰፋችው?»

«አዎ። አምሮ ነው የሚታየው አይደል?»

«አምሯል። ለዓይን ነው እንጂ ለመቀመጫ አይሆንም።» በረዥሙ ተነፈሰች። የቆመ መኪና ነው፤ ግን ትኩስ የቤንዚን ሽታ ሸተታት። «ትናንት የት ዋልክ?»

«ዳቦ ሰልፍ። ከስምንት ሰዓት እስከ አሥራ ሁለት። ቆሜ ቆሜ ባዶ እጄን መጣሁ።»

«ብዙ ቆምክ።»

«ምን ላድርግ? አባት ነኝ።» ዓይኑ ቀልቷል። «እናቴ ነበረች እኮ። ገዳይዋን ባገኘው…»

«ገዳይ አለ ያለህ ማን ነው?» አለችው። «አሥር አለቃው ወደቁ ነው የሚለው።»

መርማሪዋ ከመሪው ሥር የተንጠለጠለውን የቁልፍ እስር በመዳፏ ይዛ መዘነችው። የመኪናው፣ የግቢው በር፣ የቤቱ፣ አንዲት ትንሽ ቢጫ።

«ይቺ ትንሿስ?»

«የሻንጣ ናት። ድሮ የነበረኝ።»

ከዚያ መርማሪዋ ከአሥር አለቃው ጋር ጓዳ ገብታ አንድ ሰዓት ያህል ቆየች። ስትወጣ ሁለቱም እጃቸው ከብርዱ የተነሣ ቀልቶ ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉም ትልቁ ክፍል ውስጥ ተሰበሰቡ። ልብስ ሰፊዋ ልጇን ታቅፋለች። አሥር አለቃው ከእሷ ኋላ ቆሞ፣ በራሱ ሐሳብ፣ እጁን ትከሻዋ ላይ አሳርፏል። ሹፌሩ ግድግዳውን ተደግፎ መሬት መሬት ያያል። ጠረጴዛው ላይ ኩባያው በሙቅ ውኃ ሳህን ውስጥ ተቀምጧል።

«አንድ ነገር ላሳያችሁ» አለች መርማሪዋ። ኩባያውን ገልብጣ በረዶውን ጠረጴዛው ላይ ጣለችው። «ከላይ የነበረው ሳንቲም ይኸው። አዲስ ነው፤ አመዳይ አልያዘውም። ከታች ደግሞ ምን እንዳለ እዩ።»

ከበረዶው ቂጥ፣ በውስጡ፣ ያረጀ ቡናማ ሳንቲም ይታያል።

«የእህቴ ነው!» አለ አናጢው። «ይኸ መሐሉ የተበሳው።»

«ስለዚህ ሳንቲሙ ሰምጦ ነበር። ትናንት እማማ ሻማ ይዘው ፍሪዘሩን ሲከፍቱ ያዩት ይህን ነው። መብራቱ ከመጣ በኋላ ውኃው እንደገና በረዶ ሆነ። ሰው ደግሞ ዛሬ ማለዳ፣ መምህሩ ክብሪት ሊለምን ከመግባቱ በፊት፣ ፍሪዘሩን ከፍቶ ሌላ ሳንቲም አስቀመጠበት። ለምን ይመስላችኋል?»

«ሳንቲሙ ከሰመጠ ጥቅሉ ሁሉ ስለሚፈታ» አለ መምህሩ ቀስ ብሎ።

«አዎ። አንድ ሰው ጥቅሉ እንዲፈታ አልፈለገም። አሁን ሌላ ጥያቄ፤ ባለፈው ወር መብራት ሁለት ቀን ሙሉ ጠፍቶ ነበር። ሳንቲሙ ሰመጠ?»

«አልሰመጠም» አለች ልብስ ሰፊዋ በለሆሳስ።

«ትናንት ግን በአንድ ቀን ሰመጠ። ሥጋ በውስጡ ውኃ አለው፤ የሞላ ፍሪዘር ራሱን በራሱ ያቀዘቅዛል። በአንድ ቀን የሚቀልጠው ባዶ ፍሪዘር ነው። እኛም ሁሉንም ፈታነው። ሃያ አንድ ጥቅል ነው። ሦስቱ ሥጋ ናቸው። አሥራ ስምንቱ አይደሉም።»



«አሥራ ስምንት!» አለ አናጢው። «እንዴት አሥራ ስምንት? እኔ እኮ ስድስት ብቻ…» አፉን በእጁ ያዘ።

«ይቀጥሉ፣ ጋሼ።»

ሽማግሌው ተቀመጠ። «ራበኝ» አለ። «ሌላ ምክንያት የለኝም። አልሸጥኩትም፣ ለማንም አልሰጠሁትም። በየሳምንቱ ብሎኑን እየፈታሁ አንድ ጥቅል፣ ከአምስተኛው ወር። በቦታው ቁራጭ እንጨት ጠቅልዬ አስገባሁ። ሥራ ቤቴ ውስጥ በፍቅፋቂ ቀቅዬ፣ በሩን ዘግቼ፣ ብቻዬን በላሁት። የቀረው እናንተን ይበቃል ብዬ ነበር።»

«ጨርቁ የእኔ ነው» አለች ልብስ ሰፊዋ። እንባዋ በልጇ ፀጉር ላይ ይወርዳል። «ስድስቱም። ቅዳሜ ቅዳሜ። ከታች ወሰድኩ፤ እስከዚያ መንገዱ ይከፈታል ብዬ። አንዱን ጥቅል በአንድ ጣሳ ወተት ለወጥኩት። ግን አልገፋኋቸውም! በልጄ ይሁንብኝ አልገፋኋቸውም!»

«አምነሻል፣ እንሂድ» አለ አሥር አለቃውና ክንዷን ያዘ።

ልብስ ሰፊዋ ወደ ባሏ ዞረች። እሱ ከመሬቱ ቀና አላለም።

«ልቀቃት» አለች መርማሪዋ። «ገና አልጨረስኩም። ስድስትና ስድስት አሥራ ሁለት ነው። ሌላ ስድስት አለ።»

መምህሩ ግራ ቀኙን ተመለከተ። «ይቅርታ፣ እኔ አይደለሁም። እንዲያውም… እዚህ ቤት ያልሰረቅኩት እኔ ብቻ ነኝ እንዴ?»



መርማሪዋ አንድ ጥቅል ከጠረጴዛው ሥር አውጥታ በመዳፏ መዘነችው፤ እንደ ላባ ቀላል ነው። ስትፈታው ቢጫ ስፖንጅ ወጣ። «‹አራተኛ ወር› ይላል። ቦታው ከያዛችሁት ከሦስተኛው ወር ቀጥሎ ነው፤ ከላይ ሁለተኛው ረድፍ። እኔ ያገኘሁት ግን ከፍሪዘሩ ወለል ላይ ነው። የወለሉ የስድስተኛ ወር ጨርቅ ደግሞ ከሁሉ በላይ ተቀምጧል። ጨርቁ ውኃ ጠጥቷል፤ ውኃ የሚጠራቀመው ደግሞ ወለሉ ላይ ነው። ይህ ምን ማለት ነው? አመዳዩ ሲቀልጥና ውኃው ሲጠራቀም ጨርቁ ገና ወለሉ ላይ ነበር። ከዚያ፣ ውኃው እንደገና በረዶ ከመሆኑ በፊት፣ ሰው የታችኛውን ወደ ላይ፣ የራሱን ስፖንጅ ወደ ታች አደረገ።»

«እማማ ቢያገላብጡትስ?» አለ አሥር አለቃው።

«እጃቸውን ቁርጥማት የያዛቸው አሮጊት ሃያ አንድ ጥቅል አያገላብጡም። ደግሞም የሚደብቅ ሰው ሐሰቱን ከታች፣ እውነቱን ከላይ ያደርጋል። ይህ ሰው ከላይ ያወጣው እርጥብ ጨርቅ ሥጋ መስሎታል። እንጨቱም እንደዚሁ። ሌሎቹ እንደሰረቁ አያውቅም ነበር። እያንዳንዳችሁ ሌባው ‹እኔ ብቻ ነኝ› ብላችሁ ነበር። ስለዚህ የተደበቀው የገዳዩ ነው፤ የተገለጠው የሌሎቹ ነው።»

ፖስታውን ከፍታ ቢጫዋን ፍርፋሪ ከስፖንጁ አጠገብ አስቀመጠች። «ይቺ ከእማማ ጥፍር ሥር ነው የወጣችው። ጥቅሉን አልለቅም ብለው ይዘው ነበር።»

«አሁን ቁልፉ። ጓጉንቸር ለመቆለፍ ቁልፍ አይፈልግም፤ ዛሬ ማለዳ ሁለተኛውን ሳንቲም ለማስቀመጥ ግን መክፈት ያስፈልጋል። ልብስ ሰፊዋ የምትከፍተው በእማማ ቁልፍ ነው። ክሩ ግን በደረቀ ደም አንገታቸው ላይ ተጣብቆ ነበር፤ ማንም አልነካውም። አናጢው የሚከፍቱት ብሎን ፈትተው ነው። ብሎኖቹ ግን በትናንቱ ሻማ ሰም ተሸፍነዋል፤ ሰሙ አልተሰነጠቀም። የቀረው በሌላ ቁልፍ የሚከፍት ሰው ነው። ጓጉንቸር ከሱቅ ሲገዛ ከአንድ ቁልፍ ጋር ብቻ አይመጣም።»

መርማሪዋ ወደ ግድግዳው ዞረች። «የመኪናህን ቁልፎች ስጠኝ።»

ሹፌሩ አልተንቀሳቀሰም። አሥር አለቃው ከሹፌሩ ኪስ አወጣቸው። መርማሪዋ ትንሿን ቢጫ ቁልፍ ጓጉንቸሩ ውስጥ ከታ አዞረቻት። ጓጉንቸሩ ተከፈተ።

«ሰልፉ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው የተበተነው። አንተ እስከ አሥራ ሁለት ቆምኩ አልክ። የመኪናህ ወንበር ስፖንጅ የለውም። መኪናህ ደግሞ ቤንዚን ይሸታል።»

ልብስ ሰፊዋ ብድግ አለች። «ቤንዚን? የምን ቤንዚን?»

ሹፌሩ በግድግዳው ላይ ተንሸራቶ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ከኋላ ወንበር ሥር ነው» አለ። «ሙሉ ጀሪካን። ስድስት ጥቅል ወሰደብኝ። ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ አራተኛው ወር ሳይደርስ፣ በኋላ መንገድ ላወጣችሁ ነበር። አንቺንና እሷን። ለማንም አልነገርኩም፤ ቤንዚን እንዳለኝ ከተሰማ አንድ ቀን አያድርልኝም።»

«እናትህስ?»

«ሻማ አብርታ፣ ስፖንጁን ይዛ አገኘኋት። ‹ይህ ያንተ ነው፣ ወንበርህን አውቀዋለሁ› አለችኝ። ሁሉንም ልጥራ አለች። ዝም በይ ብዬ ለመንኳት። ጥቅሉን ልቀበላት ስጎትት አልለቅም አለች። ጎተትኩ። ወደቀች።»

«ከዚያስ?» አለች መርማሪዋ።

«ጥቅሎቹን ላስተካክልና እጠራለሁ ብዬ ነበር። መጀመሪያ ላስተካክል፣ ከዚያ እጠራለሁ። ብዙ ናቸው። አንዱን ሳነሳ ሌላው ይንሸራተታል። ስጨርስ መብራት መጣ።» ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «ስሠራ ትተነፍስ ነበር። እሰማት ነበር። መብራት ሲመጣ አልሰማኋትም።»

አናጢው ድምፅ ሳያሰማ ያለቅሳል። መምህሩ ተነሥቶ ሕፃኗን ከእናቷ እጅ ተቀበለ።

ልብስ ሰፊዋ ወደ ባሏ ተጠጋች፤ ግን አልነካችውም።

«እኔ በየቅዳሜው ለእሷ ስሰርቅ አንተም ለእሷ ትሰርቅ ነበር» አለችው። «ብትነግረኝ፣ ብነግርህ…» ዓይኗን ጠረገች። «ግን ቅድም አሥር አለቃው ክንዴን ሲይዘኝ እዚያው ቆመህ ነበር።»

ሹፌሩ ተነሥቶ እጆቹን ለአሥር አለቃው ዘረጋ።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ወሰዱት። የፖሊስ መኪና ነዳጅ ስላልነበረው በእግር ሄዱ፤ ጀሪካኑን በማስረጃነት አሥር አለቃው ተሸከመ። አናጢው የሬሳ ሣጥኑን ከፍሪዘሩ ባወጣው ቁራጭ እንጨት ጨረሰው። ሳንቲሙ ሰምጦ ስለነበር ሦስቱ ጥቅል ሥጋ እንደ ቤቱ ሕግ በዚያው ቀን ተቀቀለ። ለሦስት ሰው ሁለት ቀን በቃ።